የሕዝብ አነጋገር በስኮትላንድ ልብ ወለድ፤ ከ1808 እስከ 1824 የታተሙ ሥራዎች ሒሳዊ ቅኝት

መግቢያ

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር መምህር ከዋልተር ስኮት ልብ ወለዶች አንዱን ገልጦ ማንበብ ሲጀምር ከጥቂት ገጾች በኋላ በመዝገበ ቃላቱ የማያገኛቸው ቃላት ያጋጥሙታል። ተራኪው የሚናገረው በተስተካከለ፣ ብዙ ጊዜም ረዘም ባለ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ለማኙ፣ ዓሣ ሻጯ፣ አትክልተኛውና የላም አርቢው ልጅ ግን ተራቸው ደርሶ መናገር ሲጀምሩ ቃላቱም፣ አጻጻፋቸውም፣ የዓረፍተ ነገሩ አካሄድም ይለወጣል። አንባቢው በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ንግግሩን ዘሎ ወደ ትረካው ይሸጋገራል፣ ወይም «ያራዳ ቋንቋ ነው» ብሎ እንደ ጨዋታ ማጣፈጫ ይቆጥረዋል። በመጀመሪያው መንገድ የሄደው የመጽሐፉን ግማሽ ያጣል። በሁለተኛው መንገድ የሄደውም ቃሉን እንጂ ፍሬ ነገሩን አያገኝም።

ይህ ጽሑፍ በ19ኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ውስጥ ከታተሙት ሥራዎች የኤልዛቤት ሃሚልተንን፣ የዋልተር ስኮትን፣ የጆን ጋልትንና የጄምስ ሆግን ልብ ወለዶች መርጦ ይመረምራል። ዋና ሐሳቡም የሚከተለው ነው። የሕዝብ አነጋገር በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ለሕዝቡ ክብር መስጠትም ሆነ ክብር መንፈግ አይደለም። ቁም ነገሩ አነጋገሩ ለማን ተሰጠ? በምን ሰዓት ተነገረ? ከተነገረስ በኋላ እውነቱ ከማን ዘንድ ተገኘ? የሚለው ነው። አራቱ ደራስያን ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ የተለያየ በመሆኑ ሥራዎቻቸውን ጎን ለጎን ማንበብ ቋንቋን ለሚያስተምሩም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ ለሚያወጡ ሰዎች ጠቃሚ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የአብዛኞቹ መጻሕፍት ርእስ በትርጉም ቀርቧል።

የቋንቋው ታሪካዊ አቋም

ስኮትስ እየተባለ የሚጠራው የደቡባዊና የምሥራቃዊ ስኮትላንድ ሕዝብ ቋንቋ የዛሬው እንግሊዝኛ ተበላሽቶ የወጣ አይደለም። ሁለቱም ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረዱ ናቸው፤ ስኮትስ ከሰሜኑ ቅርንጫፍ፣ የዛሬው መደበኛ እንግሊዝኛ ደግሞ በይበልጥ ከለንደን አካባቢ አነጋገር አድገዋል። በሰሜን ምዕራቡ ተራራማ አገር የሚነገረው ጌልኛ ከሁለቱም የተለየ፣ የኬልት ቋንቋዎች ወገን ነው። እስከ 16ኛው ምዕት ዓመት ድረስ ስኮትስ የቤተ መንግሥት፣ የፓርላማና የቅኔ ቋንቋ ነበር። በደንፈርምሊን የትምህርት ቤት መምህር እንደነበረ የሚነገርለት ሮበርት ሄንሪሰንና የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ዊልያም ደንባር የጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው።

ይህን አቋም ሦስት ታላላቅ ክንውኖች አናጉት። የመጀመሪያው በ1560 የተካሄደው የሃይማኖት ተሐድሶ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ መጽሐፍ ቅዱስን በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በቤቱ የሚሰማው በእንግሊዝኛ ሆነ። ሁለተኛው በ1603 ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝን ዘውድ ወርሶ ቤተ መንግሥቱን ወደ ለንደን ማዛወሩ ነው። ሦስተኛው የሁለቱ አገሮች ፓርላማዎች በ1707 መዋሐዳቸው ነው። ከዚህ በኋላ የተማረው ስኮትላንዳዊ በእንግሊዝኛ እየጻፈ በስኮትስ የሚያወጋ ሰው ሆነ። በንግግሩም ማፈር ጀመረ። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ1752 በጽሑፍ ሊወገዱ የሚገባቸውን የስኮትስ አባባሎች ዘርዝሮ አሳተመ፤ አየርላንዳዊው ተዋናይ ቶማስ ሼሪዳን በ1761 ወደ ኤዲንብራ መጥቶ ስለ ጥሩ የእንግሊዝኛ አነጋገር ትምህርት ሰጠ፤ ጄምስ ቢቲም በ1787 ተመሳሳይ የስሕተት መዝገብ አወጣ።

በአንጻሩ ሌላ አካሄድ ነበር። ሮበርት በርንስ በ1786 ባወጣው የግጥም መድበል ስኮትስ ከመዝገበ ስሕተት የሰፋ ነገር መሆኑን አሳየ። ቄስ ጆን ጄሚሰንም በ1808 የስኮትስን ቃላት ከነምንጫቸው የሚያስረዳ ባለ ሁለት ጥራዝ መዝገበ ቃላት በኤዲንብራ አሳተመ። የኤልዛቤት ሃሚልተን ልብ ወለድ የታተመውም በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ ነበር። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ መጽሐፍ ቋንቋውን እንደ ቅርስ ሲሰበስበው ሌላው እንደ ሕመም ምልክት ሲያቀርበው ይታያል።

አነጋገሮቹን መለየት

ወደ ሥራዎቹ ከመግባት በፊት «ያራዳ ቋንቋ» የሚለው ስያሜ የሚሸፍናቸውን የተለያዩ ነገሮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ወገን መላው ሕዝብ የሚጠቀምባቸው መደበኛ የስኮትስ ቃላት ናቸው። «ኬን» ማወቅ፣ «ቤርን» ሕፃን፣ «ስፒር» መጠየቅ፣ «ሙክል» ትልቅ፣ «ከርክ» ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። እነዚህን የአራዳ ቋንቋ ማለት ስሕተት ነው፤ ዳኛውም ቄሱም እቤቱ የሚናገራቸው ቃላት ነበሩና።

ሁለተኛው ወገን ለተማሪ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ መልካቸው የእንግሊዝኛ፣ ትርጉማቸው ግን የስኮትስ የሆኑ ቃላት ይገኙበታል። «ግሪት» በእንግሊዝኛ ሰላምታ መስጠት ሲሆን በስኮትስ ማልቀስ ነው። «ማይንድ» ማስታወስ ነው። «ዳውት» የሚለው ግሥ በእንግሊዝኛ ነገሩ መሆኑን መጠራጠርን ሲያመለክት፣ በስኮትስ ነገሩ ሳይሆን እንደማይቀር መሥጋትን ያመለክታል። በዚህ ቃል ምክንያት አንድን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ መረዳት ቀላል ነው፤ አንባቢው ቃሉን የሚያውቀው ስለሚመስለው መዝገበ ቃላት አይገልጥም።

ሦስተኛው ወገን የዕለት ተዕለት ፈሊጥ ነው፤ መሐላ፣ የግርምት ቃል፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና የስንፍና ወይም የብልጠት ማመካኛ ይህን ይመስላሉ። አራተኛውና በእርግጥ የአራዳ ቋንቋ ሊባል የሚችለው ሌቦችና መንገደኞች ሌላው ሰው እንዳይሰማቸው የሚነጋገሩበት የምሥጢር ቋንቋ ነው። በ1821 በኤዲንብራ የተሰቀለው ሌባ ዴቪድ ሃጋርት በስሙ የታተመው የሕይወት ታሪክ እንዲህ ያሉ ቃላት የተፈቱበት ዝርዝር ነበረው። ከላይ ማወቅ ማለት ነው የተባለው «ኬን» በሌቦች ቋንቋ ቤት ማለት ነው። አንዱ ድምፅ በአንዱ አፍ የሕዝብ ቃል፣ በሌላው አፍ የምሥጢር ቃል ይሆናል። ስኮት የሌቦችን ቋንቋ በአንዳንድ ገጸ ባሕርያቱ አፍ ቢያስገባም መጠኑ ትንሽ ነው። የመጻሕፍቱ ክብደት የሚያርፈው በቀሩት ሦስት ወገኖች ላይ ነው።

አነጋገር እንደ ጉድለት ምልክት

ኤልዛቤት ሃሚልተን ስለ ትምህርት መርሆዎች የጻፈች ደራሲ ነበረች። «የግሌንበርኒ ጎጆ ነዋሪዎች» የተባለው ልብ ወለዷም የተዘጋጀው ለማስተማር ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ወይዘሮ ሜሰን በጌቶች ቤት ለረጅም ጊዜ ካገለገለች በኋላ ወደ ግሌንበርኒ መንደር መጥታ ከማክላርቲ ቤተሰብ ጋር ትቀመጣለች። «ክላርቲ» በስኮትስ ቆሻሻ ማለት ስለሆነ ደራሲዋ ፍርዷን ከስሙ ጀምራ ሰጥታለች። ቤቱ አይጠረግም፤ ዕቃው አይታጠብም፤ አጥሩ አይጠገንም። ወይዘሮ ሜሰን ማሻሻያ ባቀረበች ቁጥር የሚመለስላት አንድ ፈሊጥ ነው፤ «ካና ቢ ፋሽት»፣ በአማርኛ አነጋገር «ምን አደከመኝ!» እንደማለት ነው። «ፋሽ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን መጨነቅን፣ መቸገርን ያመለክታል። አባባሉ በመጽሐፉ ምክንያት ይበልጥ ታዋቂ ሆኖ በስኮትላንድ የስንፍና መተረቻ ለመሆን በቅቷል።

ሃሚልተን የሕዝቡን አነጋገር በትክክል የሰማች መሆኗ አያጠራጥርም፤ ፈሊጡ ከመጽሐፉ ወጥቶ ለብቻው የኖረውም ስለዚህ ነው። የመጽሐፉ ጉድለት የሚገኘው በሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። ጥፋቱ የሚነገረው በአብዛኛው በስኮትስ ሲሆን፣ እርማቱ የሚነገረው በእንግሊዝኛ ነው። አንባቢው ሳያስበው አነጋገሩንና ቆሻሻውን አንድ ላይ አስሮ ያያቸዋል። የወጥ ቤቱን ወለል መጥረግና የልጁን አንደበት መጥረግ አንድ ሥራ ሆነው ይቀርባሉ። መጽሐፉ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ በመንደሩ ጥሩ ትምህርት ቤት ይቋቋማል። በዚህ ትምህርት ቤት ሥርዓት፣ ንጽሕናና ትጋት ይማራሉ። ይህ የሚነቀፍ ዓላማ አይደለም። ይሁን እንጂ ንጽሕናን በስኮትስ ማስተማር ይቻል እንደሆነ መጽሐፉ አይጠይቅም።

አነጋገር እንደ እውነት ምስክር

ስኮት «ዌቨርሊ» የተባለውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1814 ስሙን ሰውሮ ሲያሳትም የሕዝብ አነጋገር ከዚህ የተለየ ሥራ መሥራት ጀመረ። ለዚህ ሁለት ትዕይንቶች በቂ ማስረጃ ናቸው።

የመጀመሪያው በ1816 በወጣውና የጥንታዊ ቅርስ አፍቃሪን ታሪክ በሚተርከው «ዘ አንቲኳሪ» ይገኛል። ኦልድባክ የተባለው ምሁር አንድን ጠፍ መሬት የሮማውያን ጦር ሠፈር የነበረበት ነው ብሎ በማመን ለም መሬቱን ለውጦ ገዝቶታል። ለእንግዳው ለወጣቱ ላቭል ምልክቱን እያሳየ፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጹትን አራት ፊደላት እንደ ላቲን ምኅጻረ ቃል ተንትኖ የሮማዊው ጦር አዛዥ የአግሪኮላ መታሰቢያ መሆናቸውን ያስረዳል። በዚህ መካከል ኤዲ ኦኪልትሪ የተባለው ሽማግሌ ለማኝ ብቅ ይላል፤ የግንቡን ሥራ እንደሚያስታውሰውም ይናገራል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ለአንድ ሠርግ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አራቱ ፊደላትም የሠርገኛውን የኤይከን ድረምን ረጅም ጭልፋ የሚያመለክቱ የስኮትስ ቃላት መጀመሪያዎች ናቸው።

ትዕይንቱ ያስቃል። ሆኖም ሳቁ በለማኙ አነጋገር ላይ አይደለም። አንድ ዓይነት አራት ፊደላት በምሁሩ ዘንድ ላቲን፣ በለማኙ ዘንድ ስኮትስ ሆነው ተነበቡ፤ ትክክለኛ ሆኖ የተገኘውም ለማኙ ነው። የሕዝቡ አነጋገር እዚህ ላይ ዕውቀትን ተሸክሟል። በቦታው የነበረ ሰው ያየውን ያስታውሳል፤ ያልነበረው ሰው ደግሞ መጽሐፍ ያገላብጣል። ኦልድባክ በሌላ ጉዳይ አዋቂ መሆኑን ደራሲው አይክድም፤ የሚያሳየው ግን ዕውቀቱ የጎረቤቱን ቋንቋ ሲንቅ የት እንደሚወድቅ ነው።

ሁለተኛው ትዕይንት በ1818 በወጣው «የሚድሎዚያን ልብ» ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ክብደቱ የሞትና የሕይወት ነው። ርእሱ በኤዲንብራ የነበረው አሮጌ ወኅኒ ቤት መጠሪያ ነው። በጊዜው በነበረው ሕግ መሠረት ፅንሷን ደብቃ ማንም ሳይረዳት የወለደችና ሕፃኑን ማቅረብ ያልቻለች ሴት እንደገደለችው ተቆጥራ በሞት ትቀጣለች። ኤፊ ዲንስ በዚህ ወንጀል ተከስሳለች። እኅቷ ጂኒ «ነግራኝ ነበር» ብላ ብትመሰክር ትድናለች። ጂኒ ግን በሐሰት መማል አይሆንላትም። ኤፊ ሞት ሲፈረድባት ጂኒ ከንግሥት ካሮላይን ምሕረት ለመለመን ወደ ለንደን በእግሯ ትነሣለች። ለታሪኩ መነሻ የሆነችው ሔለን ዎከር የተባለች፣ ስለ እኅቷ እንዲሁ ወደ ለንደን ተጉዛ ምሕረት ያስገኘች ሴት ነች፤ ስኮት በ1831 በመቃብሯ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አቁሞላታል።

ጂኒ የእንግሊዝን ምድር ከረገጠች በኋላ ልብሷና አነጋገሯ መሳቂያ ያደርጓታል። በዚህም ምክንያት በተቻላት መጠን ዝም ማለትን ትመርጣለች። ተራኪው እዚህ ላይ የሚሰነዝረው አንድ አስተያየት አለ፤ የሚስቁባት ሰዎች የራሳቸው አነጋገር ከእርሷ የባሰ የተበላሸ ነበር። እንግዲህ ያፈረችው ቋንቋዋ ዝቅተኛ ስለሆነ ሳይሆን፣ በሌላ ሰው አገር ብቻዋን ስለሆነች ነው። ይህን ሁኔታ ከገጠር ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የገባን ተማሪ ያየ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ዝም ያለው ሐሳብ ስላጣ ላይሆን ይችላል።

ከንግሥቲቱ ፊት ከቀረበች በኋላ ጂኒ በአገሯ አነጋገር ትመልሳለች። በነውር የተገኘች ሴት በቤተ ክርስቲያን ፊት የምትቀመጥበትን ዱካ የስኮትላንድ ሰው በሚጠራበት ስም ስትጠራው ንግሥቲቱ ቃሉን አታውቀውምና ምን ማለት እንደሆነ ትጠይቃታለች። ጂኒም በየዋህነት ታብራራለች። በአጠገባቸው የቆመችው የንጉሡ ውሽማ ሌዲ ሰፎክ ናት። ቃሉ ያለ ተንኮል ተነግሮ ቤተ መንግሥቱን ይወጋዋል። በጨዋ እንግሊዝኛ ቢነገር ኖሮ የሚደርሰው ከተለሳለሰ በኋላ ነበር።

ብዙ አንባቢዎች እንደሚያስተውሉት ግን ጂኒ የልመናዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ የስኮትስ ቃላት ከንግግሯ እየተመናመኑ ሄደው ንግግሯ ወደ እንግሊዝኛ ይቀርባል። ይህ ደራሲው ከባድ ነገር በሕዝብ አነጋገር ሊነገር መቻሉን የተጠራጠረበት ቦታ ነው ብሎ መተቸት ይቻላል። በአንጻሩ ሌላ ንባብ አለ። የስኮትላንድ ገበሬ መጽሐፍ ቅዱስን የሚሰማው በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ስለ ሞት፣ ስለ ምሕረትና ስለ ፍርድ ሲናገር አንደበቱ ወደ መጽሐፍ ቋንቋ ማዘንበሉ የተለመደ ነበር። ሁለተኛው ንባብ ከጂኒ ሃይማኖተኛ አስተዳደግ ጋር ይበልጥ ይስማማል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ሰው አንድ ቋንቋ ብቻ እንደሌለው ነው፤ ለገበያው፣ ለለቅሶውና ለጸሎቱ የተለያየ አነጋገር አለው።

የስኮት ገደቦች

ስኮት አነጋገርን ከጠባይ ጋር አለማምታታቱ ሊመሰገን ይገባዋል። በ1817 መጨረሻ በወጣው «ሮብ ሮይ» ውስጥ የግላስጎው ነጋዴ ኒኮል ጃርቪና አትክልተኛው አንድሩ ፌርሰርቪስ ሁለቱም የሚናገሩት ስኮትስ ነው። አንዱ ሒሳብ አዋቂና ቅን፣ ሌላው መሰሪና ራስ ወዳድ ነው። ሮብ ሮይ ራሱ ከአድማጩ ጋር አነጋገሩን ይለውጣል፤ ስሜቱ በጋለ መጠንም የተራራው አገር አነጋገር ይጎላበታል።

ገደቦቹ ግን ግልጽ ናቸው። አንደኛ፣ ዌቨርሊን፣ ላቭልንና መሰሎቻቸውን የመሳሰሉ ወጣት ዋና ገጸ ባሕርያት የሚናገሩት ሕይወት የጎደለው የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። ሕዝቡ እውነትን ይናገራል፤ ርስቱንና ሙሽራይቱን የሚወስደው ግን ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ነው። ሁለተኛ፣ ጌልኛ ተናጋሪው ተራ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሚሰጠው የተሰባበረ፣ «እኔ» ማለት ያቃተው አነጋገር በብዙ ቦታ ለማሳቅ ብቻ የገባ ነው። ሦስተኛ፣ ትረካው ራሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ በመሆኑ የሕዝቡ አነጋገር በጥቅስ ምልክት መካከል እንደታጠረ ይቀራል። የአጻጻፉ ልማድም ይህን አጠር ያጠብቀዋል። ከቃሉ ላይ አንድ ፊደል የጎደለ ለማስመሰል የሚደረገው ጭረት የስኮትስን ቃል እንደ ተሰበረ እንግሊዝኛ ያሳየዋል። የስኮትላንድ ባለቅኔዎች በ1947 ባወጡት የአጻጻፍ መመሪያ ይህ ጭረት እንዲቀር የጠየቁት ስለዚህ ነው።

አጥሩን ስኮት ራሱ አንድ ጊዜ ጥሶታል። በ1824 በታተመው «ሬድጎንትሌት» ውስጥ ዓይነ ስውሩ ሙዚቀኛ ዊሊ ስቲንሰን የአያቱን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስኮትስ ይተርካል። አያትየው የመሬት ኪራዩን ከፍሎ ደረሰኝ ሳይቀበል ባለርስቱ ይሞትበታል፤ ወራሹ ደረሰኝ ሲጠይቀው ሙታን ወዳሉበት ወርዶ ከሟቹ ተቀብሎ ይመጣል። አስፈሪው፣ አስቂኙና የጭሰኛው ምሬት በአንድ አንደበት ተዋሕደው የተነገሩበት ይህ አጭር ታሪክ ከስኮት ሥራዎች ሁሉ እጅግ የሚደነቅ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ጋልትና ሆግ፤ አነጋገር ከጥቅስ ምልክት ሲወጣ

የአየርሺር ተወላጁ ጆን ጋልት በ1821 ባሳተመው «የደብሩ ዜና መዋዕል» ትረካውን ለአንድ የገጠር ቄስ ሰጥቶታል። ቄስ ማይካ ባልዊደር ከ1760 እስከ 1810 በዳልሜይሊንግ ደብር የሆነውን በየዓመቱ ይመዘግባል። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሆኖም የአገሩ ቃል ሲመጣለት ሳያፍር ያስገባዋል። ምእመናኑ አንፈልግህም ብለው የቤተ ክርስቲያኑን በር በምስማር እንደመቱበት፣ በመስኮት ገብቶ እንደተሾመ፣ ሻይ ወደ ደብሩ እንደገባ፣ የጥጥ ፋብሪካ እንደተቋቋመ፣ የአሜሪካ ጦርነት የማንን ልጅ እንደወሰደ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቃና ያወጋል። ከበላዩ ሆኖ የሚያርመው ሌላ ተራኪ የለም። አንባቢው በቄሱ የዋህነት ይስቅ ይሆናል፤ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ለውጥ የሚማረው ግን ከእርሱ ነው።

ጋልት በ1833 ባወጣው ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ በሚተርክ አጭር ታሪክ ውስጥ «አይደንት» የሚለውን የስኮትስ ቃል መነሻ አድርጓል። ቃሉ ትጋትን ከትዕግሥትና ከጸጥታ ጋር አዋሕዶ የሚይዝ በመሆኑ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አይተካም። ስኮትላንዳዊው የእንግሊዝኛንም የራሱንም ሀብት አጣምሮ የያዘ በመሆኑ የተጠቀመ እንጂ የተጎዳ አይደለም የሚለው ሐሳብ በዚሁ ጽሑፍ ተንጸባርቋል። ሂዩም ጉድለት ያለውን ጋልት ትርፍ አለው።

ጄምስ ሆግ ከዚህም አልፎ ሄዷል። በኤትሪክ ሸለቆ እረኛ የነበረውና ትምህርት ቤት የገባው ለጥቂት ወራት ብቻ የሆነው ይህ ደራሲ በ1824 ባወጣው «የአንድ ጸድቄያለሁ ባይ ኃጥእ የግል ማስታወሻና ኑዛዜ» የተማረውን ቋንቋ ራሱን ለፈተና አቅርቦታል። መጽሐፉ ሁለት ታላላቅ ድምፆች አሉት፤ አንዱ የዘመናዊው አርታዒ፣ ሌላው ራሱን ለመዳን የተመረጠ አድርጎ የሚያየው የሮበርት ሪንጊም ነው። ሁለቱም የሚጽፉት በተጣራ እንግሊዝኛ ሲሆን ሁለቱም ይሳሳታሉ። ሮበርት በሃይማኖት ክርክር ቋንቋ ተደግፎ ግድያን ጽድቅ ያደርጋል።

በስኮትስ የሚናገሩት አገልጋዮች ግን አይታለሉም። ቤሲ ጊሊስ የተባለችው የቤት ሠራተኛ በፍርድ ቤት ቀርባ የተሰረቁት ዕቃዎች የእመቤቷ መሆናቸውን እንድታረጋግጥ ስትጠየቅ፣ መመሳሰል አንድ መሆን አይደለም በማለት ሕግ አዋቂዎቹን ታደክማለች፤ ተከሳሿም በነፃ እንድትለቀቅ ትረዳለች። ሳሙኤል ስክሬፕ የተባለው አሽከር ደግሞ ለጌታው ለሮበርት ስለ ኦክተርመክቲ መንደር ያወራለታል። ስብከት ወዳዱን ሕዝብ አንድ እንግዳ ሰባኪ አንደበቱ ጣፍጦ ማረከው፤ አንድ ሽማግሌ ግን የሰባኪውን ቀሚስ ገለጥ አድርጎ የተሰነጠቀ ሰኮናውን አሳየ። ታሪኩ ስለ ሮበርት ስለ ራሱ የተነገረ ነው። ሮበርት የተማረው ነገር ሁሉ ሊያሳየው ያልቻለውን አሽከሩ በጥቂት ገጾች ነግሮታል። በመጽሐፉ መጨረሻም አርታዒው መቃብር ለማስቆፈር እረኛውን ሆግን ራሱን እንዲመራው ሲጠይቀው፣ ሆግ በስኮትስ በጎቹን መሸጥ እንዳለበት ነግሮ ያሰናብተዋል። ደራሲው በገዛ መጽሐፉ ውስጥ የመረጠው አንደበት ይኸው ነው።

መምህሩ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ

የትምህርት ቤት መምህር በስኮት ሥራዎች ውስጥ ደጋግሞ መገኘቱ ሊጤን የሚገባው ነው። ስኮትላንድ በ1696 በወጣ ሕግ በየደብሩ ትምህርት ቤት እንዲኖር የደነገገች አገር ስለሆነች መምህሩ በየመንደሩ የታወቀ ሰው ነበር። ሕዝቡ «ዶሚኒ» ይለዋል፤ ቃሉ ተማሪዎች መምህራቸውን ይጠሩበት ከነበረው የላቲን «ጌታ ሆይ» የመጣ ነው። በ1815 በወጣው «ጋይ ማነሪንግ» የሚገኘው ዶሚኒ ሳምሰን ብዙ መጽሐፍ ያነበበ፣ ልቡ ደግ፣ ሆኖም በነገር ሁሉ አንድ የላቲን ዘር ያለው የግርምት ቃል ብቻ የሚደጋግም ሰው ነው። በ«የሚድሎዚያን ልብ» ውስጥም መምህሩ ሩበን በትለር የኮርቻ ሠሪውን የሳድልትሪን ላቲን ሲያርመው ሳድልትሪ የሚናገረው እንደ ሕግ ሰው እንጂ እንደ መምህር አለመሆኑን በቁጣ ይገልጽለታል። ይህ ሁሉ መምህርን ለማዋረድ የተጻፈ አይደለም፤ በእነዚሁ ልብ ወለዶች ፈጠራ መሠረት ታሪኩን ጽፎ ያቆየውም ፒተር ፓቲሰን የተባለ ረዳት መምህር ነው። ሁለቱ ዓይነት መምህራን የሚለያዩት አንዱ የሰውን አነጋገር ለማረም ብቻ ሲሰማ ሌላው ለመመዝገብ በመስማቱ ነው።

ከስኮትስ ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ በስኮት አማካይነት የታወቀው «ግላመር» የሚለው ቃልም ለመምህራን ትርጉም አለው። ዛሬ ማራኪ ውበትን ሲያመለክት ጥንት አስማት ማለት ነበር፤ ምንጩ ደግሞ ሰዋስው የሚለው ቃል ነው። የተማረ ሁሉ አስማተኛ ነው ተብሎ ይጠረጠር በነበረበት ዘመን ሰዋስውና ምትሐት በአንድ ስም ተጠሩ።

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ እንደመሆኑ፣ ከእነዚህ ሥራዎች ቅንጭብ ለክፍል የሚመርጥ መምህር ጥቂት ጥንቃቄዎችን ቢያደርግ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የቃላት መፍቻ ከንባቡ በፊት ይሰጥ፤ በተለይም እንግሊዝኛ የሚመስሉት ቃላት በመጀመሪያ ይመረጡ። ሁለተኛ፣ ተማሪው የስኮትሱን ንግግር ወደ መደበኛ እንግሊዝኛ እንዲለውጥ ብቻ ሳይሆን፣ ሲለወጥ ምን እንደጠፋ እንዲናገር ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ በትዕይንቱ ውስጥ ማን እንደሳቀና ማን ትክክል እንደነበረ ተለይቶ ይታይ። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ቅንጭቡን ሲያሳጥሩ ቀድመው የሚሰርዙት የሕዝቡን ንግግር እንዳይሆን ሊጠነቀቁ ይገባል። ኤዲ ከተሰረዘ የሚቀረው ኦልድባክና የተሳሳተው ላቲን ነው።

መደምደሚያ

ከ1808 እስከ 1824 ባሉት ዓመታት የስኮትላንድ ልብ ወለድ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ተጉዟል። በሃሚልተን ዘንድ የሕዝብ አነጋገር የሚታረም ጉድለት ነበር። በስኮት ዘንድ እውነትን የሚመሰክር፣ ግን በእንግሊዝኛ ትረካ የታጠረ ድምፅ ሆነ። በጋልት ዘንድ ትረካውን ራሱን ያዘ። በሆግ ዘንድ የተማረው ቋንቋ የሚፈተንበት ሚዛን ሆነ። አራቱም የሰሙት አንድን ሕዝብ ነው፤ የተለያየው የሰጡት ቦታ ነው።

እንዲጠፉ በመዝገብ የተጻፉት ቃላት አልጠፉም። በ2011 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የስኮትላንድ ነዋሪዎች ስኮትስ እንደሚናገሩ ገልጸዋል፤ በ2025ም የስኮትላንድ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ስኮትስና ጌልኛ ሕጋዊ እውቅና አግኝተዋል። በእነዚያ ሁለት ምዕት ዓመታት ግን ብዙ ልጆች በመምህራቸው ፊት እንደ ጂኒ ዝምታን መርጠዋል። የእርማት መዝገብ ያስገኘውን ጥሩ እንግሊዝኛ መቁጠር ይቻላል፤ ያስቀረውን ንግግር ግን የሚቆጥረው የለም። አንድ መምህር የተማሪውን አነጋገር ከማረሙ በፊት የተነገረውን ነገር ሰምቶ መጨረስ የሚገባውም ስለዚህ ነው።